የትኛው ይሻላል?

ባለፈው የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ነው። ግቢ ባንጋራም አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ፣ ከቡናው በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን እሷ ቀረች። ስኒውን ስታለቃልቅ ቆየችና “ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር” አለችኝ። እኔ ማመልከቻ መስሎኛል። በሠፈራችን ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው እኔ ነኝ፤ ለወረዳ፣ ለውኃና ፍሳሽ፣ ለመብራት ኃይል። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ካስተማርኩበት ዘመን ለመንደሬ የተረፈው ትሩፋት ይኸው ነው። እሷ ግን ማመልከቻ አልፈለገችም።

“ልጁ ዘንድሮ ስምንተኛ ነው። ሚኒስትሪውን ካለፈ መስከረም ላይ ዘጠነኛ ይገባል። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ከነዚህ ከኛ ክፍለ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የትኛው ይሻላል?”

እኔ እኮ “አነጻጽሩ” የሚል ጥያቄ እያወጣሁ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ሁለት ልቦለዶችን አነጻጽሩ፤ የሁለት ገጣሚያንን አገላለጽ አነጻጽሩ። የተማሪውን መልስ ሳርም የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ሁለቱን የሚለካበት መስፈሪያ አለው ወይስ ዝም ብሎ የወደደውን እያሞገሰ ነው? አሁን ፈተናው ዞሮ ወደ እኔ መጣና ባዶ ወረቀት መለስኩ። “እስኪ ልጠያይቅልሽ” ብዬ ሸኘኋት።

መጠያየቁንስ ጠያየቅኩ። ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ ቱሉ ዲምቱ መልስ የሌለው ሰው የለም። ፀጉር አስተካካዬ “ያኛው ጥሩ ነው፤ አምና ባነር ሰቅለው ነበር” አለኝ። ባነሩ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ግን አያስታውስም። የታክሲው ረዳት በዩኒፎርም ቀለም ነው የሚለየው፤ የዚህ ቀለም ልጆች ሒሳብ ይከፍላሉ፣ የዚያ ቀለም ልጆች ይዘላሉ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደግሞ፣ እሳቸው ሲያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት ከሁሉ ይሻል እንደነበረና እሳቸው ከወጡ ወዲህ እንደሞተ ነገሩኝ። በመጨረሻ አንድ ወዳጄን ጠየቅኩት። ደህና የሚኖር፣ ልጆቹን ግል የሚያስተምር ሰው ነው። ሳቀና “ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል? ግል ያስገባው በላት” አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም። ተረቱም የአባቶቻችን ነው። ሆኖም ቤቴ ገብቼ ሳስበው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዝንጀሮ ያልነው እኮ ሕንጻውን አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የክፍለ ከተማዬን ትምህርት ቤቶች በስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ ለፍርሃት ዕድሜዬ አልፏል። አንድ ጊዜ የሠራሁት ሥራ ስላለ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አንድ ገጽ ተኩል የሆነ ድርሰት አቀረበልኝ። የጠራ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አይዝረከረክም፤ ሐሳቡ የራሱ ነው። ገልብጬ የመጣበትን ትምህርት ቤት አየሁ። እዚያው እኛ ዘንድ፣ ስሙ በክፉ እንጂ በደግ የማይነሣ ትምህርት ቤት ነው። ቢሮዬ ጠራሁትና “ይህን የጻፍከው ራስህ ነህ?” አልኩት። ልጁ አልተቆጣም፤ አላለቀሰምም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና “ርዕስ ይስጡኝ” አለኝ። ሰጠሁት። የጻፈው ከመጀመሪያው ትንሽ ያንስ ነበር፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና። የዚያው ሰው ጽሑፍ መሆኑን ግን ማንም ያውቀዋል። እኔ ራሴ የአቃቂ ልጅ ነኝ። ከዝነኛ ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ እንዲያ ቢጽፍልኝ አልጠይቀውም ነበር። የትምህርት ቤት ስም በልጅ ካርድ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ እንደ አባት ስም ይከተለዋል።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ2008 ዓ.ም የብሔራዊ ፈተናው ተሰርቆ ወጣ፤ ፈተናውም ተራዘመ። ከዚያም በኋላ ስርቆቱ አልቆመም። በ2014 ዓ.ም የተመዘገቡት ልጆች በሙሉ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ ግን ጉዱ ወጣ። ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 ከመቶ። ከ845 ሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው 27 ሺህ ገደማ አለፉ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 ከመቶ ደረሰ። እየተሻሻለ ነው፤ አልክድም። ከተማችንም ከብዙው የአገሪቱ ክፍል ትሻላለች።

ታዲያ በዚህ ቁጥር ሁለት የሠፈር ትምህርት ቤቶችን ማነጻጸር ምን ማለት ነው? አንዱ ሦስት ልጅ ያሳልፋል፤ ሌላው ሰባት። “ሰባት ያሳለፈው ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጣል” እንላለን። ምናልባት እኮ ከሰባቱ ሦስቱ የአንድ መምህር ልጆችና የእህቱ ልጅ ናቸው። ምናልባት አራቱ አሥረኛ ክፍልን ሌላ ቦታ ጨርሰው የመጡ ናቸው። ዜሮ ያሳለፈውስ? እናቱ የሞተችበትና እናቱ ወንዝ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል። ጦርነት ያለፈበት፣ ወንበሩ ለማገዶ የተነደደ ትምህርት ቤትና፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት መምህር በወጉ የማይገባበት ትምህርት ቤት በአንድ ዝርዝር ውስጥ፣ በአንድ ዜሮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁጥሩ ለቅሶውን እንጂ ማን እንደሞተ አይነግርህም።

እንግሊዞች የየትምህርት ቤቱን ውጤት በሰንጠረዥ እያወጡ ለወላጅ ማሳየት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1992 ነው። ሐሳቡ ሸጋ ነው፤ ወላጅ ይወቅ፣ ደካማው ይፈር፣ ይትጋ። ብዙ ሳይቆይ ግን ሰንጠረዡ የሚያሳየው የትምህርት ቤቱን ሥራ ሳይሆን የአካባቢውን ኑሮ መሆኑ ገባቸው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ልጁ ሲገባ ምን ያህል ነበር፣ ሲወጣ የት ደረሰ የሚል ሌላ መለኪያ ጨመሩበት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የአትላንታ ከተማ መምህራንና ኃላፊዎች ውጤት ካልጨመራችሁ እየተባሉ ሲጨነቁ የተማሪ መልስ በላጲስ እያጠፉ ሲያስተካክሉ ተገኙ። በ2015፣ በነሱ አቆጣጠር፣ አሥራ አንዱ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ደካማው አፍሯል፤ ተግቷልም። የተጋው ግን በላጲስ ነው።

የኛን ሠፈር የማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ይረዳልኝ። አቃቂ ቃሊቲ አንድ ዓይነት ሰው የሚኖርበት ክፍለ ከተማ አይደለም። የድሮው የባቡር ጣቢያና የፋብሪካ ሠፈር አለ፤ አባቶቻቸው በጨርቃ ጨርቅና በብረታ ብረት ያረጁ፣ እኔን የመሰሉ ሰዎች ልጆች። አባቱ ያርሰው የነበረው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሞበት፣ ቤቱ ኦሮምኛ እያወራ ያደገ ልጅ አለ። ዕጣ ወጥቶለት ከሌላ የከተማዋ ጫፍ የመጣ አለ። በ2016 ዓ.ም ከፒያሳ አካባቢ ተነሥተው ወደ ገላን ጉራ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አሉ። መጋቢት ላይ፣ የትምህርት ዓመቱ ተጋምሶ፣ ደብተር በፌስታል ይዘው አዲስ ክፍል ውስጥ ገቡ። ሁሉንም የሚፈትናቸው ወረቀት አንድ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። እነዚህን የተቀበለ ትምህርት ቤት ከሀያ አንሥቶ አርባ ላይ ቢያደርሳቸው በሪፖርቱ ላይ ዜሮ ነው። ስድሳ የነበረውን ልጅ ተቀብሎ ስድሳ ላይ ያቆየው ደግሞ ባነር ይሰቅላል።

“ድሮስ?” የሚለኝ አለ። መቼም በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ትንሽ ካልተቸረ ድሮን ያሞግሳል። ተፈሪ መኮንን፣ ዊንጌት፣ መነን፣ ዳግማዊ ምኒልክ የሚባሉ ስሞች እንደ ማዕረግ የሚጠሩበት ዘመን ነበር፤ እኛ የአቃቂ ልጆች ያን ስም በሬዲዮና በወሬ እንጂ በበሩ አልፈን አናውቀውም። በደርግ ጊዜ የግል ትምህርት ቤቶች ከተወረሱ በኋላ የኛ ትምህርት ቤት ምንም አልተሻለም። በአንድ ክፍል ከሰማንያ በላይ ነበርን። እኔም አባቴም ፈረቃ ነበርን፤ እሱ በፋብሪካ፣ እኔ በትምህርት ቤት። ሌሊት የሠራ ሰው ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ እንገናኝ ነበር። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የፋብሪካው ሒሳብ ሹም ልጅና የጥበቃው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። የሒሳብ ሹሙ ልጅ ቤት ውስጥ መዝገበ ቃላት ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄደን ሦስት ሆነን እንጎነብስበት ነበር። ትምህርት ቤቱ ያስተማረኝን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ ያንን መዝገበ ቃላት አልረሳሁትም። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተለጠፈ ነበር።

ሁሉንም እኩል እናድርግ ተብሎ የተሞከረም አለ። የ1997 ዓ.ም አካባቢ ያስተማረ ሰው ፕላዝማ ሲባል ያውቃል። በሳተላይት አንድ መምህር ከጋምቤላ እስከ አቃቂ በተመሳሳይ ደቂቃ ያስተምራል። የክፍሉ መምህር መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረችው። ከዚህ በላይ እኩልነት ከየት ይመጣል? ግን መብራት የሚጠፋበትና የማይጠፋበት ትምህርት ቤት ነበረ፤ ከሁሉም በላይ ያንን ፈጣን እንግሊዝኛ የሚሰማና የማይሰማ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን አንድ ክፍል ስጎበኝ ስድሳ ልጆች ስክሪኑን አፍጥጠው እያዩ፣ መምህሩም ከነሱ ጋር ተቀምጦ እያየ ደረስኩ። ፕላዝማው ጥያቄ ጠየቀ፤ ሠላሳ ሰከንድ ጠበቀ፤ “ትክክል ነው!” ብሎ አመሰገነ። ክፍሉ ውስጥ የመለሰ ሰው አልነበረም።

ይህን የትምህርት ቤትና የቤት ነገር በትልቁ ያጠናው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጄምስ ኮልማን ነው። በፈረንጆቹ 1966 ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ጥናት ለመንግሥቱ አቀረበ። የብዙዎች ግምት “የጥቁሮች ትምህርት ቤት መጽሐፍና ላቦራቶሪ ስለሚጎድለው ነው ውጤቱ ዝቅ የሚለው” የሚል ነበር። የመጣው መልስ ሌላ ሆነ። ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ይልቅ የልጁ ቤት ይወስናል፤ ከትምህርት ቤቱ ነገሮች ውስጥ ደግሞ ትልቁን ክብደት የያዘው አብሮት የሚማረው ልጅ ነው። ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ይከራከሩ። እኔን ግን የመጨረሻዋ ነገር፣ ‘አብሮት የሚማረው ልጅ’ የምትለዋ፣ እንቅልፍ ነሥታኛለች። ምክንያቱ ምርምር አይደለም።

በ2005 ዓ.ም ትልቋ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ እዚሁ አቃቂ፣ ከቤታችን የሀያ ደቂቃ የእግር መንገድ። የዘመኑ ፈሊጥ ‘አንድ ለአምስት’ ነበር። እኔ በፈሊጡ ስስቅ ነው የኖርኩት፤ ሰው እንደ ጡብ ተቆጥሮ ይደረደራል እያልኩ። ክፍል ውስጥ ግን ጎበዙ ልጅ አምስት ልጆች ይሰጠዋል፤ ያስጠናቸዋል። ለልጄም አምስት ተሰጧት። ፈረቃቸው ጠዋት ሲሆን ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ ቆሎ ይበላሉ፣ ይጮኻሉ፣ አልፎ አልፎም ሒሳብ ይሠራሉ። ከአምስቱ አንዷ የዚህችው የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ነበረች።

ጥር ላይ ልጄን አወጣኋት። መሀል ከተማ፣ ስም ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ወዳጄ መኖሪያ አድራሻ አዛወርኳት። ውሸት ነው፤ በወረቀት የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት ውሸት። መሸኛ ልወስድ ስሄድ የሒሳብ መምህሯ ቢሮ ውስጥ ነበር። ወጣት ነው። “ጋሼ፣ የሚወስዱት ልጅዎን ብቻ አይደለም” አለኝ። ተናደድኩ። “ልጄ የመንግሥት ደመወዝ የምትበላ መምህር አይደለችም” ብዬ መለስኩለት። ዝም አለ። መሸኛዬን ይዤ ወጣሁ።

ልጄ አለፈች፤ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ተመረቀች፤ ሥራ ይዛለች። የጎረቤቴ ልጅ በ2006 ዓ.ም የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትና ለመሰናዶ የሚያበቃ ነጥብ አላመጣችም። ቴክኒክና ሙያ ገብታ ስፌት ተማረች፤ ዛሬ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ልጄ ብትቀር ኖሮ ይህች ልጅ ታልፍ ነበር ብዬ አልምልም። ልጄም እዚሁ ብትቀር ትወድቅ ነበር ብዬም አልምልም። ይህን ማንም አያውቅም። የማውቀው ይህን ነው፦ የኛ ሠፈር ትምህርት ቤት ውጤት በአንድ ልጅ ቀነሰ፣ የመሀል ከተማው በአንድ ልጅ ጨመረ። ቁጥሩን ያየ አባት ደግሞ “ያኛው ይሻላል” ብሎ የራሱን ጎበዝ ልጅ አወጣ። ያንን ‘ይሻላል’ ከሠሩት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ፍርዱን ሰጠሁ፤ ከዚያ ፍርዱ እውነት እንዲሆን ማስረጃውን በእጄ ይዤ ሄድኩ።

ካንት የሚባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ አንድን ድርጊት ለመመዘን ‘ሁሉም ሰው እንዲህ እንዲያደርግ ልትፈቅድ ትችላለህ ወይ?’ ብሎ መጠየቅ ያስተምራል። በዚህ ሚዛን ወድቄያለሁ። ሁሉም ጎበዝ ልጁን ቢያወጣ የሠፈር ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አይኖርም፤ የቀሩ ልጆች ማቆያ ይሆናል። ባለቤቴ ግን ለካንት ብዙም ግድ የላትም። ይህን ነገር ባነሣሁባት ቁጥር “ታዲያ ልጅህን ለመርህ ልትሰዋት ነበር?” ትለኛለች። እውነቷን ነው። ልጄ የትምህርት ቤት ስንጥቅ መድፈኛ ሲሚንቶ አይደለችም። ለንድፈ ሐሳብ ሲል ልጁን የሚያስወድቅ አባት ባጋጥመኝ ባለንጀራ አላደርገውም። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለውን ተረት ሰው ለስስት ይጠቀምበታል፤ ለልጅ ሲሆን ግን ነፋስ ማለት ምን እንደሆነ የወለደ ያውቃል።

ስለዚህ ጥፋቴን ፍለጋ ሌላ ቦታ ሄድኩ። አገኘሁትም። ልጄን ካወጣሁ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በየለቅሶው፣ በየእድሩ፣ “ለምን አዛወርካት?” ባሉኝ ቁጥር “ያ ትምህርት ቤት አይረባም” እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ። አንድም ቀን ክፍል ገብቼ አላየሁም። ያንን የሒሳብ መምህር ‘ምን ጎደለህ?’ ብዬ አልጠየቅኩትም። የኔን ውሸት ሕጋዊ የሚያደርግልኝ የትምህርት ቤቱ መጥፎነት ነበርና መጥፎነቱን በደንብ አሠራጨሁት። የተማረ ሰው ሲናገረው ደግሞ ወሬ ዕውቀት ይሆናል። ለዚህ ነው ጎረቤቴ እኔን የጠየቀችኝ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? መምህሩን መስደብ ቀላል ነው፤ ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል የመደበውን ማን እንደሆነ ፈልጎ መጠየቅ ግን አድራሻ ይጠይቃል። የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ተማሪዎች የጀመረው ምገባ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆች በባዶ ሆድ ክፍል ውስጥ ሲወድቁ ያየ ሰው አያጣጥለውም። ምገባው ግን ከቅድመ አንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሰኔ ላይ ምሳ የሚበላ ተማሪ ነው፤ መስከረም ላይ ቁመቱ ጨምሮ፣ ረሃቡም ጨምሮ፣ ምሳ የሌለው ተማሪ ይሆናል። ‘ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ይሰንፋሉ’ የሚሉ መምህራን ሰምቻለሁ። እስኪ ምሳውንም ከመስፈሪያው ውስጥ እናስገባው።

በመጨረሻ ጎረቤቴን መልሼ ጠየቅኳት። “ይሻላል ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ብዙ ያሳለፈውን?”

“እኔ ስንት አሳለፈ መቼ አልኩ ጋሼ?” አለችኝ። “መምህሩ ይገባል ወይ? በሩ ላይ የሚቆም ዱርዬ አለ ወይ? ምሳ ቤት በልቶ ይደርሳል ወይ? ይህን ነው ያልኩት።”

አፈርኩ። ሦስት መስፈሪያ ይዛ ነው የመጣችው፤ ሦስቱም በእግር ተሄዶ የሚታዩ ናቸው።

ግንቦት ላይ ሁለት ቀን መድቤ ሄድኩ። አንደኛው፣ የሚሻለው የተባለው፣ በሩ ላይ የአምናው ባነር አለ፤ ፀሐይ አንጥቶታል። ጥበቃው አላስገባኝም። የሆነ ሆኖ አንድ የማውቀው ሰው አስገባኝ። ዩኒት ሊደሩ ቦታ እንደሌለ፣ ከሌላ ወረዳ በአድራሻ ማጭበርበር የሚመጡ ወላጆች እንዳስቸገሩ በምሬት ነገረኝ። በትዕግሥት አዳመጥኩት። ሁሉም መምህር ክፍል ውስጥ ነበር፤ ይህን አልሸሽግም። ከኛ ቤት ግን ሁለት ታክሲ ነው፤ የምሳ ነገር አይታሰብም።

ሁለተኛው የኛው ነው፤ ልጄን ያወጣሁበት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከበሩ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ የሚገቡትን መምህራን ቆጠርኩ። ዱርዬም አለ፤ ሦስት ልጆች ግንቡ ላይ ተደግፈው ነበር፤ አንዱ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሷል። ግቢው ውስጥ የውኃው ቧንቧ ደርቋል። ሦስት ክፍል ያለ መምህር ይጮኻል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ግን በምሳ ሰዓት አንድ የፊዚክስ መምህር አሥራ አንድ ልጆች ሰብስቦ በነጭ ወረቀት ጀርባ ላይ እየሣለ ያስረዳል። ማንም አላዘዘውም፤ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ ተዋወቅኩት። ለጎረቤቴ የምነግራት ነገር ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ስለሱ ሥራ ብዙ ምስጋና አወረድኩ። ፈገግ አለ።

“አመሰግናለሁ ጋሼ። ግን እኔም ዝውውር ጠይቄያለሁ” አለኝ። “ሁለት ልጆች አሉኝ። ቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርት... እዚያኛው ቢያንስ ሚስቴ ሥራ ትቀርባለች። ልጆቼንም እዚያ አስገባለሁ።”

‘የምትወስደው ራስህን ብቻ አይደለም’ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልኩት እንዴ? አላልኩትም። በምን አፌ!

ማታ ሁሉንም ለጎረቤቴ ነገርኳት፤ ቧንቧውን፣ ዱርዬዎቹን፣ ሦስቱን ክፍል፣ አሥራ አንዱን ልጆች፣ የመምህሩን ዝውውር። ከዚያ የ2005ቱንም ነገርኳት። አሥራ ምናምን ዓመት አጥር ተጋርተን ያላወራነውን። እጇን በቀሚሷ እያበሰች ሰማችኝ።

“አውቃለሁ እኮ” አለችኝ። “ያኔ ልጄ ሁለት ሳምንት አልቅሳለች። ትምህርቱ አይደለም፤ ‘አልነገረችኝም’ ብላ ነው።” ትንሽ ቆየችና፣ “እኔም ብሆን አወጣት ነበር፤ የማዛውርበት ሰው ስለሌለኝ እንጂ።”

ምን ይባላል? ዝም አልኩ።

“ያ የፊዚክሱ መምህር መቼ ነው የሚሄደው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ዝውውሩ ከተፈቀደለት። ዘንድሮ ላይሆን ይችላል።”

“እስኪሄድ አለ አይደል?” አለች። “እዚሁ ይግባ። ምሳውንም ቤቱ ይበላል። እንግሊዝኛው ግን ይከብደዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ጋ ይመጣል።” ጥያቄ አልነበረም። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና፣ “ብቻውን አይመጣም፤ ከጓደኞቹ ጋር ነው” አለችኝ።

ስንት እንደሆኑ ብጠይቃት “እኔ እንጃ፣ ስድስትም ሰባትም ይሆናሉ” አለች። በረንዳዬ አራት ወንበር ነው ያለው። የቀረውን ከእድር ተውሻለሁ።